ፒአርፒው ሮዝ እየሆነ አስቸግሯል፤ እባካችሁ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ባለ የቆዳ ክሊኒክ ለፀጉር መሳሳት የሚሰጥ ፒአርፒ (ከታካሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጅ፣ ፕላትሌት የበዛበት የደም ፈሳሽ ክፍል ወይም ፕላዝማ) ነው። ደሙ በ21 ጌጅ መርፌ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሶዲየም ሲትሬት ወዳለበት ቱቦ ይቀዳል። የሴንትሪፊዩጁ (ደሙን እያሽከረከረ የሚለየው ማሽን) ራዲየስ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መጀመሪያ በደቂቃ 1500 ዙር፣ ማለትም 250 ጂ (የመሬት ስበት 250 እጥፍ) ገደማ፣ ለ10 ደቂቃ፤ ቀጥሎ ፕላዝማው ብቻ ተወስዶ በ3500 ዙር ሌላ 10 ደቂቃ።

ከታች ቀይ ዝቃጭ ብቻ ቢሆን ቀይ ሴል አብሮ ተስቧል ባልን። ከላይ ያለው ፕላዝማም ሮዝ እንደሆነ ስለሚቀር ግን ሴሉ ፈርሷል። ይሄ ደግሞ ለታካሚ አይሰጥም፤ ይጣላል። አልኮሉ ሳይደርቅ መውጋት፣ ሲሪንጁን በኃይል መሳብ፣ ቱቦውን መነቅነቅ፦ ሁሉም ታርሟል። መብራት ባልጠፋበት ቀንም ያው ነው። የማሽኑ ፍሬን ዝቃጩን ቢያናውጥ እንጂ ሴል አያፈርስም።

የቀረው ጥርጣሬ ቱቦው ነው፤ አንዳንዱ እስከ ምልክቱ አይሞላም፣ ሲትሬቱም ለደሙ ይበዛል። ለዚህ ያደርስ ይሆን? ወይስ የግንቦት ሙቀት በካርቶን ያሉትን ቱቦዎች እያበላሻቸው ነው? ያጋጠማችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የትኛውን ልቀይር?