የሆፒዎች የካትሲና ምስል ጣዖት ነውን?

የፊኒክስ ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው በአሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ በዚሁ በአሪዞና የሚኖሩ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከሆፒዎች መንደር የገዛችውን፣ ከእንጨት ተቀርጾ ቀለም የተቀባ፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር የሚሆን የካትሲና ምስል ሰጠችኝ። ባለቤቴ ግን «ጣዖት ቤታችን አይገባም» ብላ በረንዳ ላይ አስቀምጣዋለች። ትርጉሙን ሳላውቅ ልጥለውም ሆነ ላስገባው አልፈለግሁም። ለመሆኑ ሆፒዎች ይሰግዱለታልን?

የአምባ ልጅ፦
አይሰግዱለትም። እነርሱ የሚያከብሩት ካትሲና የሚሏቸውን መናፍስት ነው፤ እነዚህም የደመና፣ የእንስሳት፣ የዕፅዋትና የሞቱ ቅድመ አያቶች መናፍስት ናቸው። ከብርዱ ወራት ጀምሮ በመንደሮቹ ከሰነበቱ በኋላ፣ በሐምሌ ገደማ «ኒማን» በተባለው የስንብት ሥርዓት ተሸኝተው ከፍላግስታፍ ከተማ በላይ ወደሚታዩት የሳን ፍራንሲስኮ ተራሮች እንደሚመለሱ ይታመናል። ሆፒዎች በረሃማ በሆኑ ሦስት አምባዎች ላይና ግርጌ ሰፍረው በቆሎ የሚያበቅሉ ገበሬዎች ስለሆኑ፣ ከካትሲናዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚለምኑት ዝናብን ነው።

ምስሉን «ቲሁ» ይሉታል። በሥርዓቱ ላይ ካትሲናዎቹ ራሳቸው፣ ማለትም ጭምብል ለብሰው እነርሱን ሆነው የሚቀርቡት ሰዎች፣ ለሴት ልጆች የሚሰጡት ስጦታ ነው። ለጨቅላዋ የሚሰጠው ጠፍጣፋና ቀለል ያለ ሲሆን፣ ከፍ ስትል ሙሉ አካል ያለው ይከተላል። ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚቆይም ልጅቷ ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ካትሲናዎች በመልክና በቀለም መለየት የምትጀምረው ከዚያ ነው።

እንጨት ወዳድ፦
ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር። የሚቀረጸው ኮተንውድ ከሚባለው የውኃ ዳር ዛፍ ሥር ነው። ሥሩ ቀላልና ለቢላ የሚመች ነው፤ ከዚያም በላይ ውኃ ፈልጎ ወደ ጥልቅ የሚወርድ በመሆኑ ከዝናብ ልመናው ጋር ይያያዛል። በጥንቱ አሠራር እንጨቱ በነጭ ሸክላ አፈር ከተለቀለቀ በኋላ ከማዕድን በተገኙ ቀለሞች ይቀባ ነበር። እባክዎ የምስሉን ላባ ልብ ብለው ይመልከቱት። ስደተኛ ወፎችን የሚጠብቀው የ1918 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕግ የብዙ ወፎችን ላባ መሸጥ ስለከለከለ፣ የዛሬ ቀራጮች ላባውን ከእንጨት ይፈለፍሉታል፤ የአንዳንዶቹ ሥራ እጅግ ረቂቅ ከመሆኑ የተነሣ በእጅ ካልነኩት በቀር እንጨት መሆኑ አይታወቅም።

የአምባ ልጅ፦
አንድ ልዩነት መሳት የለበትም። ለገበያ መቅረቡን የማይወዱ ሆፒዎች ቢኖሩም፣ ቲሁን ቀርጸው የሚተዳደሩ ብዙዎች ናቸው። በሥርዓቱ ላይ የሚለበሱት ቅዱሳን ጭምብሎች ግን ፈጽሞ አይሸጡም። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ለጨረታ በቀረቡ ጊዜ ሆፒዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤቱ ጨረታውን ለማገድ ፈቃደኛ ስላልሆነ፣ በዚያው ዓመት የአነንበርግ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ሃያ አንድ የሆፒ ንዋያተ ቅድሳትን ገዝቶ ለባለቤቶቹ መለሰ። በእኔ እምነት ሊያሳዝነን የሚገባው የዚህ ዓይነቱ ንግድ ነው።

የባለቤትዎን ጥንቃቄ አልነቅፍም፤ ቤት የማስገባቱ ውሳኔ የሁለታችሁ ነው። ምስሉ የሚቆምበት መሠረት ካለው ግን ለገዢ ተብሎ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፣ ለልጆች የሚሰጠው በክር የሚንጠለጠል ነውና። ከመሠረቱ ሥር ብዙ ጊዜ የቀራጩና የካትሲናው ስም ስለሚጻፍ፣ ገልብጠው ያንብቡትና የትኛው እንደሆነ ይንገሩን።