ቢልቦርዴን የሸፈነብኝን ጃካራንዳ ቆርጬ ምትክ ብተከልስ?

ባነር ቤት (ጎንደር)፦
እንዴት ከረማችሁ ጎበዝ። አራዳ አካባቢ ባነርና ታፔላ የምሠራ ሰው ነኝ። ሚያዝያ ላይ ለአንድ ፔንሲዮን፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚያመጣው መንገድ ዳር ቢልቦርድ ተከልኩ። ስፋቱ 6 በ3 ነው፤ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ይላል። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ፔንሲዮኑም ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው ያለው። ቦታውን ስናገኝ እልል ነው ያልነው።

ስተክል ፊት ለፊቱ ሁለት ጃካራንዳ ነበሩ። አላየሁም አልልም። ግን ቅጠል የሚባል አልነበራቸውም፤ ሐምራዊ አበባ ብቻ። እንዲያውም አምሮብኝ ፎቶ አንስቼ ለደንበኛዬ በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ። ክረምቱ ገባ፣ ቅጠሉ ወጣ። አሁን ኅዳር ላይ ከሩቅ የሚነበበው «ፔን» የሚለው ብቻ ነው። ጋሼ በየሳምንቱ ይደውላሉ። «ልጄ፣ እኔ የከፈልኩት ለዛፍ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ጥምቀት ሁለት ወር ቀረው። የዓመት እንጀራቸው እሱ ነው።

ሐሳቤ ሁለቱን ቆርጬ በራሴ ወጪ አሥር ችግኝ መትከል ነው። አንድ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «እኛን አይመለከትም» ብለው ወደ ሌላ ላኩኝ። እዚያኛውም ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። አንድ ወዳጅ ነኝ ባይ ደግሞ «ሌሊት ሥሩ ላይ ናፍጣ አፍስበት፣ ራሱ ይደርቃል» አለኝ። አላደርገውም፤ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

ችግኝ ጣቢያ፦
ናፍጣዋን ተዋት ወንድሜ። የደረቀ ዛፍ እንደቆመ አይቀርም። አንድ ቀን ንፋስ ይመጣና ወይ ባጃጅ ላይ ወይ መብራት ሽቦ ላይ ይወድቃል። አፈሩም ይበላሻል፤ ምትክ ያልከው ችግኝ እዚያ አይበቅልልህም።

እኔ ችግኝ ላይ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። «አንድ ቆርጬ አምስት እተክላለሁ» የሚል ሰው ስንቱን አየሁ መሰለህ። ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል። ጥር ላይ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? ያውም ጎንደር ላይ! ለራሳችን ቢጫ ጀሪካን ይዘን የምንዞር ሰዎች ነን። ፍየሉና አህያው ሳይቆጠር። አሁን ኅዳር ላይ ብትተክልማ ለጥምቀት ጭራሮ ነው የምታገኘው።

ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ ነው። ዋንዛ ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ በመጠየቅህ ብቻ እጣላህ ነበር። ቢሆንም አናቱን አስቆርጠህ ላሳጥረው እንዳትል። አናቱን ሲቆርጡት ቀጥ ቀጥ ያለ ቡቃያ እየደራረበ ያወጣል። ሁለት ክረምት ሳይሞላው ከበፊቱ የባሰ መጋረጃ ይሆንብሃል። የሚቻለው የታችኞቹን ቅርንጫፎች ማንሳት ነው፤ እሱም ከዛፉ ቁመት ሲሶ እንዳያልፍ። የዛፎቹ ቁመት ስንት ነው? ከቢልቦርዱስ ምን ያህል ይርቃሉ?

ቱቦላሬ፦
እኔም ያንተው ሙያ ላይ ነኝ፤ አትቀየመኝ። ጥፋቱ የዛፉ አይደለም። ቢልቦርድ ሲተከል አብሮ የሚታየው ቦታው ክረምትም በጋም ምን እንደሚመስል ነው።

ሒሳቡን ልንገርህ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጽሑፍህ ከ100 ሜትር ከታየ ሾፌሩ 7 ሰከንድ አለው። ከ30 ሜትር ከሆነ 2 ሰከንድ። በ2 ሰከንድ ስልክ ቁጥር አይነበብም፣ ስሙም ከተነበበ ተመስገን ነው። ቆመህ አትየው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠህ እየው፤ ዓይንህ ዝቅ ሲል የምታየው ሌላ ነው። ደግሞ ለቢልቦርዱ ያወጣኸው ፈቃድ ዛፍ አያስቆርጥም። ዛፉ የከተማው ነው። በጽሑፍ ጠይቅ፣ በጽሑፍ ይመልሱልህ።

አትላንታ ያለ የማራኪ ልጅ፦
እዚህም ያው ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአውራ ጎዳና ማስዋቢያ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ቢልቦርድን ለመገደብ። እኔ ባለሁበት ክፍለ ግዛት ግን ቢልቦርድ ፊት ያለ ዛፍ በፈቃድ ይቆረጣል፣ ግምቱም ይከፈላል። አላስካ፣ ሃዋይ፣ ሜይንና ቨርሞንት ደግሞ ቢልቦርዱን ራሱን ከልክለዋል። ለአንተ አልመኝልህም፤ ሥራ ትፈታለህ።

የቁስቋም እናት፦
ልጄ፣ ፋሲል መዋኛ ሂድና ግንቡን ያቀፉትን ሥሮች እያቸው። እንግዳው ለጥምቀት መጥቶ ፎቶ የሚያነሳው እነሱን ጭምር ነው። ልጆቹም ታቦት ለማየት እዚያ ላይ ነው የሚወጡት።

ደግሞስ በእኛ አገር ሰው ቤት ሲጠቁም ምን ይላል? «ዋርካው ጋ ስትደርስ»፣ «ሾላው ጋ ታጠፍ» አይደል? ዛፉ ስር፣ ከቅርንጫፉ ዝቅ አድርገህ ትንሽ ታፔላ አቁም። «ሁለቱን ጃካራንዳ እንዳለፉ በስተግራ» በልበት። አለቀ።

ባነር ቤት (ጎንደር)፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሜትር ይዤ ወጣሁ። ባጃጅም ያዝኩ። ልጁ አምስት ጊዜ ሲያመላልሰኝ «ጋሼ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» አለኝ።

ዛፎቹ 9 ሜትር ገደማ ናቸው። ሲሶው 3 ሜትር ነው። አንዱ ከቢልቦርዱ 30 ሜትር ላይ ነው ያለው፤ ጽሑፉ ሙሉ እንዲታይ ቅርንጫፉ ከ5 ሜትር በላይ መነሳት አለበት። ስለዚህ ማንሳቱ አያዋጣም። ግን ከሁለተኛው ዛፍ አልፎ ባዶ ቦታ አለ፤ ቢልቦርዱን እዚያ ባዞረው ከ110 እርምጃ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ለቦታ ለውጡ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፣ በጽሑፍ። እስኪፈቀድ የቁስቋም እናቴ ያሉኝን ታፔላ ልሠራ ነው፤ አንድ በአንድ ሜትር ላሜራ፣ በቢጫ።

ጋሼን ደውዬ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ታዲያ ስሙንስ ጃካራንዳ ፔንሲዮን ብንለው?» አሉኝ። ይቀልዱ ይሁን የምር ይሁን አላወቅሁም። የምር ከሆነ 18 ካሬ ባነር እንደገና ሊታተም ነው፤ ሒሳቡም እኔ ላይ እንዳይሆን ፈርቻለሁ።

ደግሞ የራሱ ጀነሬተር ያለው በያጅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የቢልቦርዱን ሁለት ወፍራም የቱቦላሬ ምሰሶ ቆርጦ መልሶ መበየድ ነው። መብራት ጠብቀን ከሆነ ጥምቀት ያልፋል።