ፒራሚድ ውስጥ ኳስ ሲገባ የቱ ጋ ነው የምንቆርጠው? (የውድድር ጂኦሜትሪ)

የቅዳሜ አስጠኚ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሒሳብ ውድድር የሚዘጋጁ የ11ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ። ጎበዞች ናቸው። ወረቀት ላይ የተነጠፈ ጂኦሜትሪ ስሰጣቸው ትሪያንግልም ይሁን ክብ እኔን ራሱ ይቀድሙኛል። ችግሩ ጥያቄው ከወረቀቱ ተነስቶ ሲቆም ነው። ኪዩብ፣ ፒራሚድ፣ ኳስ የሚል ቃል ሲያዩ ፊታቸው ይቀየራል።

ባለፈው ይህን ሰጠኋቸው። መሠረቱ ካሬ የሆነ ፒራሚድ አለ። የካሬው ጎን 6፣ ከፍታው 4 ነው። ጫፉ ከመሠረቱ መሀል በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውስጡ አምስቱንም ፊቶች የሚነካ ኳስ አለ። ራዲየሱ ስንት ነው?

ግማሾቹ 1.5 አሉ። ግማሾቹ ደግሞ 1.68 ገደማ። ሁሉም የሄዱበት መንገድ አንድ ነው፤ ፒራሚዱን በሐሳብ ለሁለት ሰንጥቀው በወጣው ትሪያንግል ውስጥ የሚገባውን ክብ ፈለጉ። የመጀመሪያዎቹ የሰነጠቁት በተቃራኒ ጎኖች አጋማሽ በኩል ነው። ሌሎቹ ከጥግ እስከ ጥግ። ትክክሉ 1.5 ነው። ግን አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ ሁለቱም እኮ በመሀል ነው የሚያልፉት። ለምን የእነሱ ልክ ሆኖ የእኛ ስህተት ሆነ?" አለችኝ። "የእናንተ ክብ ፊቱን አይነካም" አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፣ ግን እንዳልተዋጠላት ያስታውቃል።

እና የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ለልጆች እንዴት ነው የምታስረዱት? "ብዙ ስትሠሩ ይመጣላችኋል" የሚለውን እባካችሁ ተዉኝ። ውድድሩ እየደረሰ ነው።

ኢንጂነሩ

ለምን ትቆርጣለህ ወንድሜ? ኮኦርዲኔት አስቀምጥና ተገላገል።

የመሠረቱን መሀል ዜሮ አድርገው። ኳሱ መሠረቱን ስለሚነካ ማዕከሉ ከመሬት የራዲየሱን ያህል ከፍ ብሏል፣ አር እንበለው። ዘንበል ካሉት ፊቶች አንዱ 4ኤክስ + 3ዜድ = 12 ነው። ከማዕከሉ እስከዚህ ፊት ያለው ርቀት (12 − 3አር) ለ5 ሲካፈል ነው። ይህ ርቀት ራሱ ራዲየሱ ነው። ስለዚህ 12 − 3አር = 5አር፣ 12 = 8አር፣ አር = 1.5። አለቀ። በጎን ቁረጥ በጥግ ቁረጥ የሚል ጭቅጭቅ የለበትም። እኔ ግቢ ከገባሁ ወዲህ ሥዕል የሚባል ነገር ትቻለሁ።

ጋሽ ጠመኔ

ኢንጂነሩ የሠራው ልክ ነው፣ እጁ ይባረክ። ግን ልጅቷ የጠየቀችው ራዲየሱን አይደለም። እሱንማ ጓደኞቿ ነግረዋታል። የጠየቀችው "ለምን የእኛ አልሆነም?" ነው። ለዚህ ጥያቄ 12 = 8አር መልስ አይሆንም።

እኔ ከጠመኔ ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ብወጣም የሰፈር ልጅ ደብተር ይዞ በር ሲያንኳኳ ደስ ይለኛል። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሚነካካበትን ነጥብ ፈልጉ፣ መቁረጡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ኳስ ጠፍጣፋ ነገር የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ከማዕከሉ ወደዚያች ነጥብ የሚሄደው ራዲየስ ደግሞ ለፊቱ ፐርፔንዲኩላር ነው። እሺ፣ አሁን ከፒራሚድህ ዘንበል ያለውን አንዱን ፊት ውሰድ። ሁለት እግሩ እኩል የሆነ ትሪያንግል ነው። ኳሱ የቱ ላይ ያርፋል? ወደ ግራው ጠርዝ ተጠጋ ብትለኝ፣ ወደ ቀኙስ ለምን አልተጠጋም እልሃለሁ። ስለዚህ ነጥቧ ያለችው ከጫፉ ወርዶ የካሬውን ጎን አጋማሽ በሚመታው መስመር ላይ ነው። በቃ፣ የምትቆርጠው ይህን መስመር ይዘህ ነው። መሠረቱ 6፣ ከፍታው 4፣ እግሮቹ 5 እና 5 የሆነ ትሪያንግል ይወጣልሃል። ስፋቱ 12፣ የዙሪያው ግማሽ 8። 12 ለ8 ሲካፈል 1.5።

ወደ እነዚያ ከጥግ እስከ ጥግ የሰነጠቁት ልጆች እንምጣ። የእነሱ ትሪያንግል እግሮች ምንድን ናቸው? የፒራሚዱ ጠርዞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው √34፣ ማለትም 5.83 ገደማ። እዚያ ውስጥ ክብ ሲያስገቡ ኳሱን "ጠርዙን ንካ" ብለው አዘዙት። ጥያቄው ግን ፊቱን ንካ ነው ያለው። ጠርዝ ማለት ሁለት ፊቶች የሚገናኙበት ስርቻ ነው። ኳሱ እዚያ ስርቻ ድረስ ልድረስ ብሎ ቢያብጥ ቀድሞ በሁለቱ ፊቶች በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። የእነሱ ቁጥር ከ1.5 የበለጠውም ለዚህ ነው። ልጅቷ እንድታየው ከፈለግህ ራዲየሱ 1.5 የሆነውን ክብ በራሷ ትሪያንግል ውስጥ ታስቀምጠው። መሠረቱን ይነካል፤ ከሁለቱ ጠርዞች ግን በ0.32 ያህል ይርቃል። ያንን ክፍተት በገዛ እጇ ሠርታ ካገኘችው ሁለተኛ አትጠይቅህም።

ሌላም ማረጋገጫ አለ፤ ውድድር ላይ ሁሌም እንዲሠሩት አስለምዳቸው። ከኳሱ ማዕከል ወደ ሁሉም ጥጎች መስመር ብትዘረጋ ፒራሚዱ አምስት ትንንሽ ፒራሚዶች ይሆናል። የሁሉም ከፍታ ያው ራዲየሱ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ቮልዩሙ የፊቶቹ ስፋት ድምር በራዲየሱ ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል ነው። ቮልዩሙ 48፣ ፊቶቹ 36 እና አራት ጊዜ 15፣ ድምሩ 96። 48 = 32አር። አሁንም 1.5። ሥዕል የማይሆንለት ልጅ በዚህ ብቻ ነጥቡን ይሰበስባል።

አሁን ስለ ማየት። ቦርድ ላይ የተሣለ ኪዩብ ኪዩብ አይደለም፣ ዘጠኝ መስመር ነው፤ ነጠብጣቦቹን ብትጨምር አሥራ ሁለት። ስለዚህ ወደ ሱቅ ላክና ረጅሙን የልብስ ሳሙና አስገዛ። ከእሱ ላይ ኪዩብ ቆርጠህ አውጣ። በቢላ አይደለም፣ ቢላ ይፈረፍረዋል። ድሮ ባለሱቆች እንደሚያደርጉት በተወጠረ የናይለን ክር። ከዚያ ሁለት ተቃራኒ ጥጎችን፣ ማለት አንዱን ከላይ አንዱን በሰያፍ ከታች፣ በእስክሪብቶ አጥቁራቸው። እነዚህን ሁለት ጥጎች የማይነኩ ስድስት ጠርዞች ይቀራሉ። የስድስቱንም አጋማሽ ምልክት አድርግ። ከመቁረጥህ በፊት ግን ልጆቹን ጠይቅ፦ በእነዚህ ምልክቶች ላይ ክሩን ባሳልፈው የተቆረጠው ፊት ምን ዓይነት ቅርጽ ይሆናል? አንዱ ትሪያንግል ይልሃል፣ አንዱ ሬክታንግል። ደብተራቸው ላይ እንዲጽፉት አድርግና ቁረጠው። ሄክሳጎን ነው፤ ስድስቱም ጎኑ እኩል፣ ስድስቱም ማዕዘኑ እኩል። የሳሙናው ጠርዝ 4 ቢሆን የሄክሳጎኑ ጎን 2√2፣ ስፋቱ 12√3 ይሆናል። ፊታቸውን ያን ጊዜ እየው!

በነገራችን ላይ ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ድሮ የትልልቆቹ መድረክ ጌጥ ነበር። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማንያ ላይ ሲጀመር የመጨረሻው፣ ስድስተኛው ጥያቄ ስለ ሁለት የሚቋረጡ ፕሌኖች ነበር። አሁን እዚያ ብዙም አይታይም። አሰልጣኞችም በዚያ ሰበብ ይዘሉታል። ልጆቻችሁ የሚወዳደሩበት መድረክ ግን ይጠይቃል፤ እናንተ አትዝለሉት።

ኢንጂነሩ፣ ለአንተ ደግሞ የቤት ሥራ አለችኝ። አራት ፊት ያለው ፒራሚድ ነው። ተቃራኒ ጠርዞቹ እኩል ናቸው፦ አንዱ ጥንድ 13፣ አንዱ 14፣ አንዱ 15። ቮልዩሙ ስንት ነው? በኮኦርዲኔትህ ሠርተህ ላክልኝ።

የካርታ ሠራተኛዋ

ሥዕልን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ልጆች የፒራሚድ መሠረት ሲሥሉ ካሬ አድርገው ይሥሉና ሁሉም ነገር ይደራረብባቸዋል። ዘንበል ያለ ፓራሌሎግራም ያድርጉት። ከኋላ ያለው መስመር ነጠብጣብ ይሁን። ዋናው ግን የቆረጡትን ፊት ከትልቁ ሥዕል አውጥተው ጎን ላይ፣ በትክክለኛ ቅርጹ፣ በነዚያው ፊደሎች ለብቻው መሣል ነው። ትልቁ ሥዕል ላይ 90 ዲግሪ የሆነው ማዕዘን 90 አይመስልም፣ ያልሆነው ይመስላል። እሱን እያዩ ፓይታጎረስ መሥራት ለጠብ ነው።

ጉንዳን በሳጥን ላይ የሚሄድበት አጭር መንገድ ከመጣ ደግሞ የጫማ ካርቶን ዘርግቱ። ሦስቱንም አዘረጋግ ይሞክሩ። 1 በ2 በ3 በሆነ ሳጥን ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ √26፣ √20 እና √18 ይወጣል። የመጀመሪያውን አግኝቶ የቆመ ልጅ ነጥቡን ጣለ።

ኢንጂነሩ

ጋሼ፣ ሠራኋት። 42√55። ግን እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ገጽ ፈጀች። አንዱን ጠርዝ መሬት ላይ አስተኛሁ፣ ሦስተኛውን ነጥብ ፈለግሁ፣ አራተኛው ላይ ሦስት ኢኩዌሽን መጣ፣ ስኩዌር ሩት በስኩዌር ሩት ሆነ። ቢሆንም ወጥቷል! ኮኦርዲኔት ይዘገያል እንጂ አይከዳም።

ጋሽ ጠመኔ

ጎሽ! መልሱ ልክ ነው። ሁለት ገጽ ግን በውድድር ሰዓት የሁለት ጥያቄ ዕድሜ ነው።

አሁን ሳሙናውን እንደገና አንሳው፣ በዚህኛው ዙር ኪዩብ ሳይሆን ሳጥን አድርገው። በእያንዳንዱ ፊት ላይ አንድ ዲያጎናል አስምር፤ ሦስቱ ከአንድ ጥግ ይነሱ፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ተቃራኒ ፊታቸው ላይ ካለው ጋር እንዲጠላለፉ አድርገህ። ስድስት ዲያጎናል ይሆናሉ። አራት ጥጎችን ብቻ ያገናኛሉ። ይሄውልህ ፒራሚድህ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ተቃራኒ ፊቶች እኩል ስለሆኑ ተቃራኒ ጠርዞቹም እኩል ናቸው። ፒራሚዱን ለማውጣት ከሳጥኑ ላይ አራት ጥግ ቆርጠህ ትጥላለህ። እያንዳንዱ ጥግ የሳጥኑ አንድ ስድስተኛ ነው። አንድ ሦስተኛ ይቀርልሃል።

የቀረው የሳጥኑን ጎኖች ማግኘት ነው። የጎኖቹ ስኩዌሮች ሁለት ሁለቱ ሲደመሩ 169፣ 196 እና 225 ይሆናሉ። ሦስቱን ደምረህ ለ2 አካፍል፣ 295። ከእሱ ላይ አንድ በአንድ ቀንስ፦ 126፣ 99፣ 70። ሦስቱን አባዝተህ ስኩዌር ሩት ስታወጣ የሳጥኑ ቮልዩም 126√55 ነው። ሲሶው 42√55። አምስት መስመር።

ኮኦርዲኔትን አልጠላም። ቀጥ ያለ ማዕዘን በሞላበት፣ ኪዩብ ወይም ሳጥን በተሰጠበት ቦታ እኔም ወደ እሱ ነው የምሮጠው። ጥያቄው 90 ዲግሪ የሚባል ነገር ካልሰጠህ ግን መጀመሪያ 90 ዲግሪውን የት ደበቁት ብለህ ፈልግ።

የቅዳሜ አስጠኚ (አዳማ)

ጋሽ ጠመኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የስርቻውን ነገር ዛሬውኑ ለልጅቷ ላክሁላት። 0.32ቱን ራሷ አውጥታ መለሰችልኝ። ሳሙናውም ተገዝቷል፤ የአዳማ ነፋስ ፍርፋሪውን አቧራ ሳያደርገው በፊት ቤት ውስጥ እንቆርጠዋለን። የሳጥኗን ጥያቄ ግን መልሱን ደብቄ ነው የምሰጣቸው፤ ይህን ገጽ እንዳያገኙት ብቻ።

ቲቸር፣ አግኝተነዋል

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። 😄

ጋሼ፣ ጥያቄ አለኝ። የሳጥኑ ዘዴ ለማንኛውም ሦስት ቁጥር ይሠራል ማለት ነው? ተቃራኒ ጠርዞቹ 3፣ 4 እና 5 ቢሆኑስ?

ጋሽ ጠመኔ

አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አትራቂን። እስቲ አብረን እንሥራው። ስኩዌሮቹ 9፣ 16 እና 25 ናቸው። ድምሩ 50፣ ግማሹ 25። ስትቀንሺ 16፣ 9 እና 0 ይወጣሉ። የሳጥኑ አንዱ ጎን 0 ሆነ። ስለዚህ ፒራሚድሽ መሬት ላይ ተለጥፎ 3 በ4 የሆነ ሬክታንግል ሆኗል፤ ሁለቱ 5ቶች ዲያጎናሎቹ ናቸው። ቮልዩም የለውም።

2፣ 3 እና 4 ብትይ ደግሞ አንዱ ስኩዌር ከ0 በታች ይወርዳል፤ እንዲያ ያለ ፒራሚድ ጨርሶ አይሠራም። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን አድርገሽ ትሪያንግል ሥሪ። ማዕዘኖቹ ሦስቱም ከ90 ዲግሪ ካነሱ ሳጥን ይወጣልሻል፣ አለዚያ አይወጣም። ለምን እንደሆነ በኮሳይን ሕግ አሳዪኝና ለቲቸርሽ ስጪው።