«አልተውህም» ማሳመን ነው ወይስ ዛቻ?

ባለነጋሪት፦ ትናንት ማታ ቴሌቪዥን ላይ አንድ የአመራር አሠልጣኝ የምኒልክን የ1888 የአድዋ ክተት አዋጅ «አንዲት የማስገደድ ቃል የሌለባት ንጹሕ ማሳመን» ብሎት አረፈ። ሰውዬው መጨረሻውን አላነበበም? «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፣ አልተውህም፤ ማርያምን፣ ለዚህ አማላጅ የለኝም» ምንድን ነው፣ የሠርግ ጥሪ?

ወረኢሉ፦ አንተ ደግሞ ጅራቷን ይዘህ ትጎትታለህ። ከዚያ በፊት የሰዉን መድከም፣ የከብቱን ማለቅ አይቶ እንደታገሠ ይናገር የለም? ክፉ ቀን፣ ያ ከብት የጨረሰው ረሀብ፣ ገና ከሰው አጥንት አልወጣም ነበር። በሬው ያለቀበትን ገበሬ መጀመሪያ «መድከምህን አይቻለሁ» ካላልከው ማን ይሰማሃል? ቀጥሎ ጠላት «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» አለ። ገበሬ ፍልፈልን ያውቃታል። ከጣልያን ጋር ስላጣላው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ቢተርኩለት ገበያው ላይ ያንቀላፋ ነበር።

ጠያቂው፦ ፍልፈሏ ትመቻለች። እኔን የቆረቆረኝ «ካሁን ቀደም የበደልኩህ አይመስለኝም» የምትለዋ ናት። ምኒልክ ራሱ ወላይታ ላይ የዘመተው በ1887፣ አዋጁ መስከረም 1888። ዓመት እንኳ ሳይሞላው! አይመስለኝም?

ወረኢሉ፦ መጣ! አድዋ በተነሣ ቁጥር አንድ አይጠፋም። «አልበደልኩህም» መች አለ? ንጉሠ ነገሥት «አይመስለኝም» ካለ ትሕትና ነው።

ጠያቂው፦ አጥርህን አፍርሼ «የበደልኩህ አይመስለኝም» ብልህ ትሕትና ትለዋለህ?

ሰንዳፋ፦ ለማን እንደተነገረ ዘለላችሁት። «የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ነው የሚለው።

ጠያቂው፦ እንግዲያ ወላይታ «ያገሬ ሰው» ውስጥ የለበትም? ተባረክ፣ ክርክሬን ጨረስክልኝ።

ሰንዳፋ፦ አፌ ላይ ቃል አታስቀምጥ። የኦሮሞ ፈረሰኛ አድዋ ላይ የጣልያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ጦር ምን እንዳደረገው ሂድና አንብብ።

ያኔ ነበርኩ፦ ሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ የደርጉ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ እየፈጠፈጠ «አሳምኖናል»። ንግግርና ዛቻ ሲጋቡ ምን እንደሚወልዱ ያየን አለን።

ወረኢሉ፦ ጠርሙስና ነጋሪት አንድ ሆኑ? አንዱ በጣልያን ላይ፣ ሌላው በሰፈር ልጅ ላይ!

ያኔ ነበርኩ፦ «ኋላ ትጣላኛለህ» የተባለው ጣልያን ነው እንዴ?

ወረኢሉ፦ ማስፈራሪያ የሌለበት ከፈለጋችሁ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር አለላችሁ። ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ ተናገሩ፣ የጣልያን ጋዜጠኞች አፏጩ፣ በቀናት ውስጥ በጣልያን ላይ የነበረው ማዕቀብ እንዲነሣ ተወሰነ። በሉ፣ ለስላሳው ምን አመጣ?

ባለነጋሪት፦ እሱ ለባዕድ፣ ይኼ ለገዛ ሕዝብ። ደግሞ አሁን አዋጁ ማስፈራሪያ እንዳለበት ራስህ አመንክ እኮ 😂

ወረኢሉ፦ የት አመንኩ? ጥቀስ!

ባለነጋሪት፦ «ማስፈራሪያ የሌለበት ከፈለጋችሁ»። ያንተው ቃል። ሁለት መስመር ከፍ ብለህ እይ።

ወረኢሉ፦ ጉልበት ለሌለውስ ምን አለ? «በኀዘን እርዳኝ»። ይቺን ለምን አትጠቅሷትም?

ጠያቂው፦ «በጸሎትህ» አልነበር እንዴ?

ሰንዳፋ፦ «በኀዘን» ነው። ጸሎቱን የለጠፋችሁት እናንተ ናችሁ።

ያኔ ነበርኩ፦ ኀዘኑንስ እኛም አዋጥተናል፤ የጠየቀን ግን አልነበረም።

ወረኢሉ፦ ጥቀስ አልኩ እኮ፣ ባለነጋሪት። ሙሉውን እንጂ ጅራቱን አይደለም።