ለደቻቱ ዘብ ብንቆምስ? ከሻርክ ጠባቂዎቹ ያየሁት

ጥያቄ፦ የገንደቆሬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ኬፕታውን ቆይቼ ወደ ድሬዳዋ ከተመለስኩ ይህ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ሱቄ ሙይዘንበርግ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር። እዚያ ያየሁት ነገር ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ በተሻገርኩ ቁጥር ይመላለስብኛል።

ከባሕሩ በላይ፣ ቦይስ ድራይቭ የሚባል መንገድ በተራራው ወገብ ላይ ያልፋል። አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ውሃውን ይቃኛል። የባሕሩን ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር ያደርጋል፤ አቅርቦ የሚያሳየው ደግሞ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ሻርክ ወደ ዋናተኞቹ ሲጠጋ ካየ ታች ላለው ባልደረባው በሬዲዮ ይነግራል፤ ሳይረን ይጮኻል፤ ጥቁር ሻርክ የተሳለበት ነጭ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ሁሉም ከውሃ ይወጣል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ሐሳቡን ያነሡት በማዕበል ላይ በጣውላ የሚንሸራተቱ የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች መካከል በዚያው ዳርቻ የሰው መኪና በመጠበቅ የኖሩም ይገኙባቸዋል።

አንድ ቀን ሳይረኑ ሲጮኽ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ልጆቿን በጣቷ ትቆጥራለች። ሦስት ትልና መልሳ ከአንድ ትጀምራለች። አራተኛው ከኋላዋ ቀሚሷን ጨብጦ ቆሞ ነበር።

ሌሎች ሦስት ባንዲራዎችም አሉ። ከሁሉም ልቤን የያዘው ግን ጥቁሩ ባንዲራ ነው። አረንጓዴው «በደንብ ይታየኛል፣ ሻርክ የለም» ማለት ነው። ቀዩ፣ በቅርቡ ታይቷልና ተጠንቀቁ ነው። ጥቁሩ ደግሞ «ሻርክ አላየሁም፤ ነገር ግን ውሃው እንደ ልብ አይታየኝም» ማለት ነው። ጠባቂ ሆኖ «አይታየኝም» ብሎ በአደባባይ መስቀል ትልቅ ታማኝነት ነው።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ በደንገጎ ላይ ዘንቦ ደራሽ ውሃ በደቻቱ ሲወርድ እኛ ዘንድ ጠብታ ላይኖር ይችላል። አሸዋው ላይ የሚነግደው፣ እዚያው ኳስ የሚያባርረው ሕፃን በምን ያውቃል? ከላይ የሚደውል፣ ከታች ደወል የሚመታ የሰፈር ዘብ ማቋቋም እንችላለን ወይ?

መልስ፦ እናት ከመጋላ

ልጄ፣ ጥያቄህ ሆዴን ነካው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው በጎርፍ ያለቀብን ተኝተን ሳለን ነው። እኔን የቀሰቀሰኝ የሰው ጩኸት አልነበረም። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚያሰማው ጉርምርምታ ነው፤ ከባድ መኪና በግቢያችን የሚያልፍ መሰለኝ። በሩን ስከፍት የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ተንሳፍፎ ደጃፉ ላይ ይሽከረከራል። የአንተ ጠባቂዎች በቀን ብርሃን ነው የሚያዩት። በጨለማ ማን ያይልናል?

መልስ፦ መምህር፣ ሐረር

እኔን የሚያሳስበኝ የሰሚው ነገር ነው። እዚያው ኬፕታውን፣ ፊሽ ሁክ በሚባለው ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የሻርኩ ባንዲራ ተሰቅሎ እያለ የገባ አንድ ዋናተኛ እግሩን አጥቷል። የእኛም ደወል ሦስት ጊዜ ተደውሎ ውሃው ካልመጣ፣ በአራተኛው ከዕቃው የሚነሣ ነጋዴ አይኖርም።

መልስ፦ የደንገጎ ሾፌር

ከአወዳይ ጫት ጭኜ በደንገጎ እወርዳለሁ። ዝናቡ ሲበረታ ጠመዝማዛው ላይ ቀይ ውሃ አስፋልቱን አቋርጦ ጠጠር ሲያንከባልል አየዋለሁ። ያኔ ከተማው ውስጥ ፀሐይ ነው። ለማን ልደውል? ቁጥር የሰጠኝ ሰው የለም። ከሰጣችሁኝ እደውላለሁ፤ ጓደኞቼም እንደዚያው።

መልስ፦ የገንደቆሬ ልጅ

እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። የእርስዎን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌሊቱ ራሱ ጥቁር ባንዲራ ነው ብለን ብንይዘውስ? ሲመሽ ደንገጎ ላይ ደመና ከከበደ፣ ውሃ ታየም አልታየ፣ አሸዋው ላይ ማንም አያድርም፤ ዳር ያሉት ሕፃናትም ከፍ ወዳለ ዘመድ ቤት ይሄዳሉ። ያየ ሰው እስኪጮኽ አንጠብቅም።

መምህር፣ ሥጋትዎ ትክክል ነው። ለዚህ ይመስለኛል ባንዲራው አራት ዓይነት የሆነው። «ላይ ዘንቧል፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ» የሚለውና «ውሃው መጥቷል፣ ሩጡ» የሚለው አንድ ዓይነት ደወል መሆን የለባቸውም። ሁለተኛው የሚደወለው ውሃው በዓይን ሲታይ ብቻ ይሁን።

ሌላው ፈተና ዝምታ ነው። ሙይዘንበርግና ፊሽ ሁክ ባሉበት የባሕር ወሽመጥ፣ በፎልስ ቤይ፣ ነጭ ሻርክ በቅርብ ዓመታት ብርቅ ሆኗል፤ ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው የሚጠቅሱት ሻርኩን ገድሎ ጉበቱን የሚበላውን፣ ኦርካ የሚባለውን ትልቅ የባሕር እንስሳ ነው። ጠባቂዎቹ ግን ከተራራው አልወረዱም። ደቻቱም ለወራት ደርቆ ይከርማል፤ ዘቡ የሚበተነው ያኔ ነው። ስለዚህ ለተረኛው ከሰፈሩ ዕድር ትንሽም ቢሆን ወርሃዊ ክፍያ ይገባዋል እላለሁ። በባዶ ሆድ ባዶ አሸዋ የሚጠብቅ ሰው እስከ መቼ ይቆያል?

ሾፌሩ ወንድሜ፣ ስልኬን በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ። ደንገጎን የምታልፈው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከአንተ በኋላ በሌሊት የሚወርድ ማን እንዳለም ጠይቅልኝ።