የማኅበራችን ድረ-ገጽ ይፈተሽ ወይስ እንደ አዲስ ይሠራ? ለጥር ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ዝግጅት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው ስለ ድረ-ገጻችን አንድ የጋራ ሐሳብ ተዘጋጅቶ በጥር 2018 ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲቀርብ ስለወሰነ፣ ረቂቁን እየተነጋገርን እንድናበጀው ይህን ውይይት ከፍቻለሁ። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ የአብዛኞቻችን ስሜት «አዲስ እናሠራ» የሚል ነበር። እኔም ያን ዕለት እጄን ያወጣሁት ለዚያው ነው። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፤ ምክንያቴም የሚከተለው ነው።

ባለፈው መስከረም አንዲት እናት ልጃቸውን በማስጠናት መርሐ ግብራችን ለማስመዝገብ እዚሁ ሐዋሳ ካለው ታቦር ክፍለ ከተማ በባጃጅ ቢሯችን ድረስ መጡ። በእጃቸው በያዙት ስልክ ላይ የእኛው ድረ-ገጽ ተከፍቶ ነበር። «እዚህ ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ ተዘግቶ ይሆን እንዴ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ምዝገባው አልተዘጋም ነበር። ቅጹ የተቀመጠው «የአቅም ግንባታ ዘርፎች» ከሚለው ሥር፣ «ትምህርታዊ ጣልቃ ገብነት» በሚል ርእስ ነው። ይህን ስያሜ ያወጣነው እኛው ነን፤ ለለጋሾች ከጻፍነው ሰነድ እንዳለ ወስደን አስገባነው። አዲስ ድረ-ገጽ ብናሠራ ይህንኑ ስያሜ በተሻለ ቀለም አሳምረን እንደምናስገባው አልጠራጠርም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ፣ ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት በኅዳርና በታኅሣሥ ያለንን ድረ-ገጽ ተጠቃሚዎች ሲሞክሩት እያየን እንፈትሽ፣ የሚጠገነውን እንጠግን፣ «አዲስ ይሠራ» የሚለውም ከዚያ በኋላ ይወሰን የሚል ነው። አይኤስኦ 9241-11 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለአጠቃቀም ምቹነት ሦስት መለኪያዎችን ያስቀምጣል፤ እነርሱም ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ መፈጸሙ፣ ለመፈጸም ያጠፋው ጊዜና ጉልበት፣ በመጨረሻም የተሰማው እርካታ ናቸው። ይኸው ደረጃ ምቹነት የሚለካው ለተወሰነ ተጠቃሚ፣ ለተወሰነ ዓላማና በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ነው ስለሚል፣ ከሁሉ አስቀድመን «ለማን?» የሚለውን መመለስ ይኖርብናል። እኔ ወላጆችን አስቀድማለሁ። ሌላ አስተያየት ያላችሁ ጻፉ።

የሕዝብ ግንኙነት ተጠሪ፦

ክቡር ጸሐፊያችን ያነሡት ገጠመኝ ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ አንድ ገጠመኝ ይዘን የአዲሱን ድረ-ገጽ ጉዳይ ወደ ጎን ማድረጋችን አላሳመነኝም። በውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎቻችን ቢሯችንን አይተውት አያውቁም፤ የሚያውቁን በድረ-ገጻችን ነው። አሁን ያለው ገጽታ ደግሞ ያረጀ ነው። ለማስረጃ ያህል፣ የሲዳማ ክልል ከተመሠረተ ከ2012 ጀምሮ ሐዋሳ የክልሉ ርእሰ ከተማ ሆና ሳለ፣ የእኛ «አድራሻ» ገጽ እስከ ዛሬ ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ይላል። ይህን የሚያነብ ሰው ማኅበሩ ራሱ አለ ወይ ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

አድራሻውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ አስተካክላለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገን አዲስ ድረ-ገጽ ሳይሆን የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እሱንም ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በረቂቁ ውስጥ «እያንዳንዱ ገጽ በስም የሚታወቅ ኃላፊ ይኑረው» የሚል አንቀጽ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ።

በሶፍትዌር ሙያ የተሰማሩ አባል፦

ሁለቱንም አስተያየቶች ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማታ የምዝገባውን ቅጽ እንደ አንድ ወላጅ ሆኜ በስልኬ ለመሙላት ሞከርኩ። ያየሁትን በዝርዝር የምጽፈው፣ ችግሩ በገጽታው ማርጀት ላይ ብቻ የቆመ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

የስልክ ቁጥር መሙያው በ09 የሚጀምረውን ብቻ ይቀበላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ሰው በየቤቱ አለ፤ ቅጹ ለእነዚህ ሰዎች «የተሳሳተ ቁጥር» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከማሳየት በቀር ምን እንዲያደርጉ አይነግራቸውም። ቀጥሎ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ያለው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በመሆኑ፣ አንዱ ወላጅ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው ደግሞ የልጁን ስም ይሞላበታል፤ መዝገቡን የሚያጠሩ በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ የሚያማርሩትም በዚሁ ነው። የፖስታ ኮድም ካልተሞላ ቅጹ ወደፊት አያልፍም። በአገራችን ሰው የሚያውቀው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ እርሱም ያለው ጥቂት ሰው ነው።

ከሁሉ የከፋው የልደት ቀን ነው። ቅጹ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ይህን የሚገልጽ አንዲት ቃል የለውም። እናት ልጃቸው የተወለደበትን 2010 ብለው ሲሞሉ፣ የስምንት ዓመቱ ልጅ በመዝገባችን ላይ የዐሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ይሆናል፤ «ከዕድሜ ክልል ውጪ ነው» ተብሎም ይመለሳል። የቢሮ ሰዓታችንም እንዲሁ ነው፤ ከእንግሊዝኛው ገጽ እንዳለ ስለተገለበጠ በአማርኛው ላይ «በ8፡30 ይከፈታል» ይላል። ጠዋት 2፡30 ለማለት ነው። ይህን አምኖ ከቀትር በኋላ የመጣ ሰው ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ጥበቃችን ብቻ ነው።

የመፈለጊያው ሣጥን ነገርም አለ። ዩኒኮድ የተባለው ኮምፒዩተሮች ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተሩ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። በገጾቻችን ላይ «ሕፃናት» ተብሎ ተጽፏል፤ «ህጻናት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን «ምንም አልተገኘም» ይባላል። የከተማችን ስም ራሱ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ተብሎ ይጻፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በገጹ ላይ የሚታየውን አጻጻፍ ሳንነካ፣ ፍለጋው ብቻ ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ እንዲያያቸው ማድረግ ነው። የጥቂት ሰዓታት ሥራ ነው፤ እኔ በነፃ እሠራዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያገኘሁት አንድ ሰው ሆኜ በአንድ ምሽት ነው፤ ወላጆቹ ሲሞክሩት ደግሞ እኔ ያላሰብኩት ሌላ ይወጣል። ስንት ሰው እንፈትን ለሚለው፣ የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ስሌት መሠረት አንድ ተጠቃሚ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ያሳያል፤ አምስት ሰው ሲደርስ ወደ 85 በመቶ ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያሳየን በአብዛኛው ያየነውን ነው። ይህ ግን የሚሠራው ተጠቃሚዎቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ ነው። ወላጅና ለጋሽ ለየቅል ስለሆኑ፣ ከየወገኑ ሦስት ወይም አራት ሰው መውሰድ ይሻላል።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊ፦

በ1113/2011 አዋጅ መሠረት የአስተዳደር ወጪያችን ከጠቅላላ ገቢያችን 20 በመቶ ሊበልጥ እንደማይችል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዲስ ድረ-ገጽ ማሠራት በአንድ ጊዜ ከባድ ወጪ ስለሆነ ከየትኛው መደብ እንደሚወጣ አስቀድሞ ካልተነገረኝ አልፈርምም። ለፍተሻው ግን የሚጠየቀው ለተሳታፊዎች የትራንስፖርትና የዳታ ካርድ ብቻ ከሆነ፣ ደረሰኝ እስካለ ድረስ ተቃውሞ የለኝም።

አንድ ነገር ላክል። «ይለግሱ» በሚለው ገጽ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን የተቀመጠው በፎቶ ነው። በስልኩ ሊልክልን የፈለገ ሰው ቁጥሩን ነክቶ መቅዳት አይችልም፤ ወረቀት ላይ ጽፎ እንደገና አሃዝ በአሃዝ ማስገባት አለበት። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ እያለ፣ እኛ በቴሌብር መቀበል ብንጀምርም ድረ-ገጹ ላይ አላሰፈርነውም። ይህን ለማስተካከል ጥር እስኪደርስ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም።

ዓይነ ስውር የሆኑ መምህር አባል፦

እኔ ድረ-ገጹን የምጠቀመው በሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ስከፍት የምሰማው «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ምስል፣ ምስል» የሚል ነው፤ ቁልፎቹ በሥዕል ብቻ ስለተሠሩ ስም የላቸውም። የስብሰባ ጥሪዎችና ማስታወቂያዎች የሚወጡት ጽሑፉ በፎቶ ላይ ታትሞ ስለሆነ፣ ላለፉት ሦስት ስብሰባዎች የመጣሁት ሰው ነግሮኝ ነው። ዌብ ተደራሽነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ እያንዳንዱ ምስል ተለዋጭ ጽሑፍ፣ ማለትም በቃላት የሚገልጸው ጽሑፍ እንዲኖረው ያዛል፤ የፊደልና የጀርባ ቀለም ልዩነትም ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለተኛው ለእኔ የሚጠቅም አይደለም፤ ነገር ግን በሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ ቆማችሁ በግራጫ የተጻፈውን ለማንበብ ስትቸገሩ ታስታውሱታላችሁ።

በረቂቁ ውስጥ «የአካል ጉዳተኞችን ማማከር» የሚል ሐረግ እንዳይገባ እጠይቃለሁ። መማከር አልፈልግም፤ ከተፈታኞቹ እንደ አንዱ ሆኜ ቅጹን ለመሙላት ስሞክር ተቀምጣችሁ እንድታዩ ነው የምፈልገው።

በማስጠኛ ማእከሉ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኛ፦

ከወላጆቻችን ብዙዎቹ የሚቀላቸው ሲዳምኛ ነው። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን የእኛ ድረ-ገጽ አንድም ገጽ በሲዳምኛ የለውም። ቢያንስ የምዝገባው ገጽ እንዲተረጎም፣ ፍተሻውም ወላጁ በሚመርጠው ቋንቋ እንዲደረግ ይታሰብበት። ደግሞም ፍተሻውን እኛ በጎ ፈቃደኞች አንምራው፤ ሰው ሲቸገር እያየን ዝም ማለት አንችልም፣ «እዚህ ጋ ይንኩት» ማለታችን አይቀርም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ። ፍተሻው ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 15 ይካሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የገብርኤል ክብረ በዓል ስለሚደርስና ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ሰው ማግኘት አይቻልም። አምስት ወላጆች፣ ሦስት ለጋሾች፣ ሦስት በጎ ፈቃደኞችና በሚያነብላቸው ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሁለት አባላት ይሳተፋሉ። ከወላጆቹ ቢያንስ ሁለቱ በሲዳምኛ ይፈተናሉ። ቦታው ዋይፋይ ያለበት ቢሯችን አይሆንም፤ ተሳታፊው ባለበት፣ በራሱ ስልክና በራሱ ዳታ ይሆናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት ፎቶዎች ከካሜራ እንደወጡ የተጫኑ ስለሆኑ፣ ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ የምናየው እንዲያ ስናደርግ ብቻ ነው።

ጥያቄዎቹን ስናዘጋጅ በሜኑው ላይ ያሉትን ቃላት እንዳንጠቀም ተጠንቅቄአለሁ። «የምዝገባ ቅጹን ይፈልጉ» ብንል መልሱን ነገርናቸው ማለት ነው። በዚያ ፈንታ «ሦስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለዎት እንበል፤ ከትምህርት ቤት በኋላ የሚያስጠናው ሰው ይፈልጋሉ፤ በዚህ ስልክ ምን ያደርጋሉ?» እንላለን። ለለጋሾች «ሁለት መቶ ብር መላክ ፈልገዋል»፣ ለበጎ ፈቃደኞች «ቅዳሜ ማእከሉ ክፍት መሆኑን ማወቅ ይፈልጋሉ» የሚሉ አሉ። ተመልካቹ ተሳታፊው የሚያደርገውን ይጽፋል እንጂ አይረዳውም፤ ተሳታፊው ሲጠይቀው «እኔ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ ብቻ ይመልሳል።

ከፍተሻው በኋላ ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ዐሥር ዐረፍተ ነገሮች ያሉት የምቹነት መጠይቅ ቢሞላስ የሚል ሐሳብ ከኮሚቴው ቀርቧል።

በሶፍትዌር ሙያ የተሰማሩ አባል፦

መጠይቁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ስለሚወጣ ሰዎች መቶኛ ይመስላቸዋል፣ አይደለምም። በአማካይ የሚታየው 68 ነው። ከዐሥራ ሦስት ሰው የተገኘ ቁጥር ለለጋሽ ሪፖርት ማስጌጫ እንዳይሆን፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ ለራሳችን ብቻ እናነጻጽርበት። ከቁጥሩ ይልቅ እናትየዋ የት ላይ እንደቆሙ የሚናገረው ማስታወሻ ይበልጥብኛል።

የሕዝብ ግንኙነት ተጠሪ፦

በቅጹ ላይ የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ተቃውሞዬን አንስቻለሁ፤ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ግን ለውጭ ደጋፊዎች የሚሆን ፍተሻ ከሚያዝያ በፊት እንዲደረግ በረቂቁ ይያዝልኝ። ሌላው፣ የስክሪኑን ቪዲዮ እንቅረጽ ከተባለ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ስላለ የተሳታፊው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገናል። ይህን ስጽፍ ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት የልጆች ፎቶዎች የወላጅ ፈቃድ ይኑራቸው አይኑራቸው እርግጠኛ እንዳልሆንኩ ተገነዘብኩ። ፎልደሮቹን አገላብጬ ፈቃድ ያላገኘሁለትን ፎቶ እስከ ዓርብ ከድረ-ገጹ አነሣለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የእንግሊዝኛው ገጽ ፍተሻ በአንቀጽ 6 ገብቷል። የቪዲዮ ቀረጻውን ትቼዋለሁ፤ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ይበቃናል። የስልክ ቁጥሩ፣ የፖስታ ኮዱ፣ የልደት ቀኑ፣ የቢሮ ሰዓቱና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ጉባኤ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት እንዲታረሙ ሰብሳቢው ፈቅደዋል። «ትምህርታዊ ጣልቃ ገብነት» የሚለውን ግን እስከ ፍተሻው ድረስ እንዳለ እንተወው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ምን ብለው እንደሚጠሩት ሰምተን በእነርሱ ቃል እንለውጠዋለን።