በጠርሙስ ያሸግኩት ቲማቲም ሌሊት ፈነዳብኝ፣ የቀሩትን ምን ላድርጋቸው?

የሰሚቷ (ሰኞ፣ ጠዋት 1፡10)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ቲማቲም አብስዬ በጠርሙስ አሽጌ ነበር። ሌሊት አንዱ ጧ! ብሎ ክዳኑ ተፈናጠረ፣ ቁም ሳጥኑ በሙሉ ቀይ ሆኗል። ባሌ ሌባ ገባ ብሎ ዱላ ይዞ ወጣ። ጠዋት ሳያቸው አምስቱ ክዳናቸው ወደ ላይ አብጧል፣ ስድስቱ ደህና ይመስላሉ። ከ20 ኪሎ 13 ጠርሙስ ነው የወጣልኝ፣ ግማሹ የጓሮዬ ነው፣ ልቤ ነው የተቃጠለው። ያበጡትን ከፍቼ እንደገና ባፈላቸው ይሆናሉ? ድስት ጥጄ ነው የምጽፈው።

ሰናፍጭ (1፡14)
ቲማቲም ነው ወይስ ጠላ የጠነሰስሽው? ባልሽን እንኳን ተረፈ በይልኝ።

ጓሮዬ (1፡19)
እህቴ ድስቱን አውርጂውና መጀመሪያ እነዚህን መልሺ። ቲማቲም ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር ገብቶበታል? ሎሚ ወይም አቼቶ አድርገሽበታል? ስንት ቀን ሆነው? የተቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው ውጭ?

የሰሚቷ (1፡22)
ስልስ ነው እኮ፣ ምን የተለየ ነገር ይኖረዋል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው። ሎሚ የለውም። 12 ቀኑ ነው። ፍሪጅ የሚበቃኝ ቢሆን ለምን አሽገዋለሁ? ጠርሙሶቹን ቀቅያለሁ፣ ትኩሱን ሞልቼ ክዳኑን አጥብቄ ገልብጫቸዋለሁ፣ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት።

ቡና_ጠጡ (1፡25)
ሎሚ ጨምሪበትና አፍይው፣ ምንም አይሆንም። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ጋሽ ዘሩ (1፡38)
ልጄ፣ ጥፋቱ ከማሸጉ በፊት ነው የሚጀምረው። ሰው ቲማቲም ይተክልና ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲቀላበት ይደነግጣል። ሮማ ቪኤፍ የሚባለውን የቲማቲም ዝርያ ተክለሽ ከሆነ ጸባዩ ነው፣ እንደ ጠብመንጃ ጥይት በአንዴ ነው የሚያፈራው። መደቡን ከፍለሽ በሦስት ሳምንት ልዩነት ብትዘሪ ኖሮ እየቀጠፍሽ ትበይ ነበር። ደግሞ ቅጠሉን ገልብጠሽ ማየት ልመጂ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ የገባችው ቱታ አብሱሉታ የምትባለው የእሳት ራት፣ እጯ ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ ትበላውና ፍሬው ላይ የመርፌ ቀዳዳ ትተዋለች። እንዲህ ያለ ፍሬ ለጠርሙስ አይሆንም። በክረምት ደግሞ ዋግ አለ። ቅጠሉን ከላይ ውሃ አታጠጪው፣ ሥሩን ብቻ። የዛሬ ወጣት ቪዲዮ አይቶ ይተክላል፣ ቪዲዮ አይቶ ያሽጋል።

የሰሚቷ (1፡41)
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን አሁን የፈነዳብኝ ጠርሙስ ነው።

ቆጣቢው (1፡50)
ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ማሸጉ ራሱ አይገባኝም። የጓሮው ነፃ ነው እንበል። 10 ኪሎ ገዝተሻል፣ ስንት ሊትር ዘይት ፈሰሰበት? ሽንኩርቱስ? ግማሽ ቀን ሙሉ የነደደው ቡታጋዝስ? ዘይት በዚህ ዋጋ እየተገዛ ስልስ ማከማቸት ቁጠባ ሳይሆን ዘይት ማከማቸት ነው።

የሰሚቷ (1፡53)
ባለፈው ነሐሴ አንድ ኪሎ ቲማቲም 100 ብር የገዛሁት እኔ ነኝ። አሁን ኪሎው 30 ብር ሲገባ ዝም ብዬ ልየው? የጠየቅሁት ሒሳብ አይደለም።

የልጆች እናት (1፡55)
ሎሚ ጨምሪ፣ ሎሚ ሁሉን ነገር ያስተካክላል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ (2፡04)
እኔ አሜሪካ ሆኜ ስምንት ዓመት አሽጌአለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝም ያውቃል። ስለዚህ ስሚኝ፦ ያበጡትን አትክፈቺ፣ አትቅመሺ። ሎሚ የሚረዳው ከመታሸጉ በፊት ነው።

ክዳኑን ያሳበጠው ጋዝ ነው፣ ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር እየሠራ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እርሾ ነው። ግን ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የምትባል ባክቴሪያ አለች፣ አየር የሌለበት ቦታ ነው የሚመቻት፣ የታሸገ ጠርሙስ ደግሞ እንደዛ ነው። የምትተወው መርዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ለመግደል ትንሽ ይበቃዋል። እርሾው የቱ፣ እሷ የቷ እንደሆነች በዓይን መለየት አይቻልም።

የባክቴሪያዋ ዘር እንደ ጤፍ ፍሬ ጠንካራ ሽፋን አለው፣ በፈላ ውሃ አይሞትም። በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ውሃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ዘሯ እንዲሞት ግን 116 አካባቢ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እናንተ ጋ ድስቱ ሲንተከተክ ያለው ግለት እኔ ያለሁበትን ያህል አይደለም። ቪዲዮውን የሠራችው ሴት ይህን አታውቅም።

የሚያድነን የቲማቲሙ ጎምዛዛነት ነው። ፒኤች የሚባለው ቁጥር ከ4.6 በታች ከሆነ ባክቴሪያዋ አታድግም። ቲማቲም ግን ድንበሩ ላይ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ያልፈዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲገባበት ጎምዛዛነቱ ይቀንሳል። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የቤት ውስጥ ማሸግ መመሪያ ለአንድ ሊትር ገደማ ተራ ቲማቲም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይላል። የታሸገው የሚመረጠው የትኩሱ ሎሚ ጉምዛዜ ስለሚለያይ ነው። ከዚያ ጠርሙሱ እንደተከደነ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይቀቀላል፣ በእናንተ ከፍታ አንድ ሰዓት ገደማ። መገልበጥ ማሸግ አይደለም። ያንቺ ዓይነት ስልስ ግን፣ ዘይትና ሽንኩርት ያለበት፣ በዚህም መንገድ አይታሸግም።

ብረት ድስት (2፡11)
ፕሬዠር ኩከር አለ አይደል? እሱ ውስጥ መክተት ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ (2፡15)
ባቄላ የምንቀቅልበት ትንሹ ድስት ለዚህ አልተሠራም። ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ መሐሉ ምን ያህል እንደጋለ የሚነግርሽ ነገር የለውም። ለማሸጊያ የሚሆነው ትልቅና መለኪያ ያለው ሌላ ዕቃ ነው።

ሰናፍጭ (2፡17)
እኔ ከዛሬ ጀምሮ ስልስ የምበላው የራስ ቁር አድርጌ ነው።

ሲስተር ቲ (2፡26)
ነርስ ነኝ። ሁላችሁም ስታወሩ እኔ ስቆጥር ነበር። 13 ጠርሙስ አልሽ። አንድ ፈነዳ፣ አምስት አብጧል፣ ስድስት ደህና ነው፣ 12። አሥራ ሦስተኛው የት ሄደ?

የሰሚቷ (2፡28)
ቅዳሜ ማታ ፓስታ ሠራሁበት።

ሲስተር ቲ (2፡29)
ማን ማን በላ? ክዳኑ አብጦ ነበር? ስልሱን አፍልተሽዋል ወይስ ሞቅ ብቻ ነው ያደረግሽው?

የሰሚቷ (2፡33)
እኔ፣ ባሌና ሁለቱ ልጆች። ክዳኑ ደህና ነበር፣ ሲከፈትም ቺስ አላለም። ሞቅ አድርጌ ነው ፓስታው ላይ የገለበጥኩት። አታስደንግጪኝ፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ሲስተር ቲ (2፡40)
ላስደነግጥሽ አይደለም። ግን እወቂው። የመርዙ ምልክት ብዙ ጊዜ ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ነው የሚጀምረው፣ አልፎ አልፎ ቀናት ይፈጃል። ዓይን ብዥ ማለት፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ ምላስ መተሳሰር፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት። ትኩሳት ስለማይኖር ሰው ድካም ነው ብሎ ይተኛል። ከነዚህ አንዱን በማንም ላይ ካየሽ ሰዓት ሳታባክኚ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ፣ “ቤት የታሸገ ምግብ በልተናል” ብለሽ ንገሪ። ያን ካልነገርሻቸው ሌላ በሽታ ሊመስላቸው ይችላል። ትምህርት ቤት የሄዱትን ልጆች ሲመለሱ አስወሪያቸው፣ ዓይናቸውን እይ።

መርዙ ራሱ ከዘሩ ይለያል፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ በደንብ ሲንተከተክ ይጠፋል። ይህን ሰምተሽ ግን ያበጡትን እንዳትከፍቺ፣ ሲከፈት ይረጫል። በሁለት ፌስታል ደራርበሽ ቋጥሪና ውሻና ልጅ የማያገኘው ቦታ ጣይ። የፈነዳውን በጓንት አጽጂ፣ አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ አፍስሺበትና ግማሽ ሰዓት ተይው፣ ከዚያ ጥረጊ። መስኮት ክፈቺ።

እትዬ በሶብላ (3፡02)
የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። እኛ ቲማቲም በጠርሙስ አናውቅም ነበር፣ የምናስቀምጠው በርበሬ፣ ድልህ፣ ቋንጣ ነው። ሁሉም ወይ ደረቅ ነው ወይ ጨው የበዛበት፣ ለዚህ ነው የሚቆየው። ስልስ ግን እርጥብ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ቲማቲሙን ያለ ዘይት፣ ያለ ሽንኩርት ብቻውን አፈላዋለሁ፣ በወንፊት አጠልለዋለሁ፣ ጭልፋው ላይ እስኪጣበቅ አወፍረዋለሁ። ሲበርድ ለአንድ ወጥ የሚበቃ የሚበቃውን ፌስታል ውስጥ እየከተትኩ፣ ጠፍጣፋ አድርጌ እንደ መጽሐፍ ፍሪዘር ውስጥ እደረድረዋለሁ። ድርብርብ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ሽንኩርቱን ወጥ በሚሠራበት ቀን አቁላላዋለሁ። ዘይቱም ያኔ ነው፣ ቆጣቢው ደስ ይበለው።

ፍሪዘር ከሌለሽ በበጋ ፀሐይ አለ። ቀጭን ቀጭን ከትፈሽ፣ ፍሬውን አራግፈሽ፣ ጨው ነስነስ አድርገሽ ሰፌድ ላይ አስጪው። ዝንብ እንዳያርፍበት ስስ ነጠላ አልብሺው፣ ማታ ማታ ጤዛ ሳይወርድ አስገቢው። ሲታጠፍ እንደ ቆዳ የሆነ ገና ነው፣ ቀሽ ብሎ ሲሰበር ደርሷል። ፈጭተሽ ሽሮ ላይ ብታደርጊው እጅ ያስቆረጥማል። በክረምት ግን አትሞክሪው፣ ይሻግታል።

ብረት ድስት (3፡08)
እትዬ፣ መብራት ሲጠፋስ ፍሪዘሩ?

ጓሮዬ (3፡15)
ሞልቶ የተጠቀጠቀ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ገደማ ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን። ባዶ ቦታውን ውሃ በሞሉ ላስቲኮች ሙይው፣ በረዶ ሆነው ያግዙሻል። መብራት በሄደ ቁጥር ከፍቶ “ቀለጠ እንዴ?” እያሉ ማየት ነው የሚያቀልጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓሮ ቤቱን የሚደጉመው በቲማቲም አይመስለኝም። ጎመንና ቆስጣ ከታች ከታች ቅጠሉን እየቀነጠስሽ ወራት ትበያለሽ፣ ማሸግም ማድረቅም የለ። ቲማቲሙም ቢሆን ገና ሐመር ሲል ቀጥፈሽ ጥላ ቦታ ብትደረድሪው ተራ በተራ ይቀላል፣ ሁሉም በአንድ ቀን አይወርድብሽም።

ጋሽ ዘሩ (3፡20)
ይኸው፣ መደብ ክፈሉ ስል ቆይቼ የለ?

የሰሚቷ (4፡47)
ያበጡትን በሁለት ፌስታል ቋጥሬ ጥያለሁ። ቁም ሳጥኑን በበረኪና ጠርጌያለሁ። ባሌን አንድ ጣት አሳይቼ ስንት ነው ስለው “ሥራ ላይ ነኝ” ብሎ ቪዲዮውን ዘጋው፣ ስለዚህ ደህና ነው። ስድስቱን ግን እጄ አልችል ብሎ ፍሪጅ አስገብቻቸዋለሁ። ምንም አልሆኑም እኮ፣ ክዳናቸው ቀጥ ያለ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ (4፡52)
አይሆንም! ከአንድ ድስት የወጡ ናቸው፣ 12 ቀን ውጭ ቆይተዋል። ፍሪጅ ያለውን መርዝ አያጠፋም።

ሲስተር ቲ (4፡55)
አስወጪያቸው። ልጆቹ ሳይመጡ።

ቡና_ጠጡ (5፡30)
ሎሚስ ሞክረሽዋል?

ሲስተር ቲ (ማታ 12፡40)
የሰሚቷ? ልጆቹ እንዴት ናቸው?

ቆጣቢው (ማታ 1፡05)
ባዶዎቹ ጠርሙሶች ግን ባለ ስንት ግራም ናቸው? የምትጥያቸው ከሆነ መጥቼ እወስዳለሁ፣ እኔም ሰሚት ነኝ።